ዕዳ ያለበት ሰው ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ ያገኛል?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። ዜግነት ካገኘ ዓመት ሆነው። አሁን ለመከላከያ የሚሠራ አንድ ኮንትራክተር ድርጅት በኮምፒውተር ሥራ ሊቀጥረው ነው። ግን ‹ሲክሬት› የሚባል ክሊራንስ (የመንግሥትን ምስጢር የማየት ፈቃድ) ያስፈልገዋል። ችግሩ ዕዳው ነው። በኮሮና ጊዜ ሥራ ፈቶ ነበር። መኪናውን አበዳሪው ወሰደበት። ክሬዲት ካርዱ ላይ ያልተከፈለ 14 ሺህ ዶላር አለ። በዚያው ሰሞን እናታችን ታማ ስለነበር የሕክምናውን የሚልከው እሱ ነው። አሁንም በየወሩ ይልካል። አንዱ ጓደኛው ‹ዕዳ ካለብህ አትልፋ› ይለዋል። ሌላው ‹ባንክራፕሲ ግባና (ዕዳህን በፍርድ ቤት አሰርዝና) ንጹህ ሁን› ይለዋል። ሦስተኛው ‹ከክሬዲት ሪፖርቱ (የብድርና የአከፋፈል ታሪክህ ከተመዘገበበት) የጠፋውን አትጻፍ› ብሎታል። እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤት ደግሞ ገንዘቡ የሱ ነው፣ ካርታው ግን በእኔ ስም ነው። የትኛውን ይስማ? እኛስ ከዚህ ሆነን ምን እናድርግ?» (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሦስቱንም አይስማ። በተለይ ሦስተኛውን። (የድሬ ሰው «አንቱ» አይወድምና «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።)

ከመጀመሪያው ጓደኛ እንነሳ። ዕዳ ብቻውን ክሊራንስ አይከለክልም። «ከዚህ ዶላር በላይ ያለበት ይውደቅ» የሚል ቁጥር የለም። የክሬዲት ስኮር (ለተበዳሪ የሚሰጥ ነጥብ) ወለልም የለም። ውሳኔው የሚሰጠው ሲአድ 4 በሚባል መመሪያ ነው። ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም የአሜሪካ ፌደራል መሥሪያ ቤቶች የሚሠራው እሱ ነው። 13 መመዘኛዎች አሉት፤ ከኤ እስከ ኤም። ገንዘብን የሚመለከተው ኤፍ ነው። እያንዳንዱ መመዘኛ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ጥርጣሬ የሚያስነሳውን ይዘረዝራል፤ ሁለተኛው ጥርጣሬውን የሚያለዝበውን። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን አንብቦ ይደነግጣል። የወንድምሽ ጉዳይ የሚታየው ግን በሁለተኛው ነው።

ለምን ገንዘብ ላይ እንደሚያተኩሩ ከገባሽ የቀረው ይቀላል። ኦልድሪች ኤምስ የሚባል የሲአይኤ ሰው ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ዕዳ አንቆት ዋሽንግተን ያለው የሶቪየት ኤምባሲ ገባና ምስጢር ሸጠ። በመጀመሪያው ዙር 50 ሺህ ዶላር ወሰደ። እስኪያዝ ድረስ የተከፈለው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በጥሬ ገንዘብ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ቤት ገዛ። ጃጓር ነዳ። በየካቲት 1994 እ.ኤ.አ. ተያዘ። በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ክሊንተን 12968 የተባለውን ትዕዛዝ ፈረሙ። ክሊራንስ ማን ማግኘት እንደሚችል ዛሬም መሠረቱ ያ ትዕዛዝ ነው።

ስለዚህ መርማሪው ሁለት ነገር ይፈራል። አንዱ፣ ዕዳ ያጨነቀው ሰው ለገንዘብ ሲል ይሸጠን ይሆን ወይ የሚለው ነው። ሌላው፣ ይኼ ሰው ከደመወዙ በላይ የሚያወጣው ከየት አምጥቶ ነው የሚለው። ሁለተኛውን ያዢው፤ የሳቢያኑ ቤት ጋ ስንደርስ ይመጣል።

እንግዲህ ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ዕዳው እንዴት መጣ? ያኔ ምን አደረግክ? ዛሬ ምን ላይ ነው? በመጀመሪያው ወንድምሽ ደህና ነው። መመሪያው ከሰው ቁጥጥር ውጭ የሆኑ ምክንያቶችን በስም ይጠራል፤ ሥራ ማጣት፣ ድንገተኛ ሕመም፣ ሞት፣ ፍቺ። የኮሮና ሥራ ማጣትና የእናት ሕመም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ግን ዓረፍተ ነገሩ እዚያ አያልቅም። «እና በሁኔታው ውስጥ ኃላፊነት በተሞላበት መንገድ ከተንቀሳቀሰ» ይላል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለዕዳዎችን ሳማክር በኖርኩበት ጊዜ አበሻ ወገኖቼ የሚወድቁት እዚህች ግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር።

ሁለት ሰው አስቢ። ሁለቱም በሚያዝያ ሥራ ፈቱ። አንዱ በግንቦት ባንኩ ጋ ደውሎ «ሥራ የለኝም፣ 50 ዶላር ነው የምችለው» አለ። ሁለተኛው አፍሮ ስልክ ዘጋ። ፖስታውን ሳይከፍት ኪችን መሳቢያ ውስጥ አጨቀው። ሦስት ዓመት። የሁለቱም ዕዳ 14 ሺህ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ ግን አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ወንድምሽ የትኛው እንደነበር አልነገርሽኝም። ሁለተኛው ከነበረ ነገሩ አልሞተም። ግን ከዛሬ ጀምሮ አንደኛውን መሆን አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

የመኪናው ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ወሰዱት፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም። መኪናው በሐራጅ ይሸጣል። የተሸጠበት ዋጋ ከዕዳው ካነሰ ልዩነቱ በስሙ ይቀጥላል፤ የመጎተቻና የማቆያ ወጪ ተጨምሮበት። ለምሳሌ 18 ሺህ ዶላር ቀርቶበት መኪናው በ10 ሺህ ቢሸጥ፣ 8 ሺህ እና ወጪው በትከሻው ላይ ነው። ይህን ዕዳ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰብሳቢ ድርጅት ይገዛዋል፤ በማያውቀው ስም ሪፖርቱ ላይ ይመጣል። መርማሪው «ይህስ?» ሲለው «የኔ አይደለም» ካለ ጉድ ፈላ። ስለዚህ የሦስቱን የክሬዲት ድርጅቶች ሪፖርት ያውጣ። ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን፣ ትራንስዩኒየን። ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ። አንዱ ላይ የሌለ ሌላው ላይ ሊኖር ስለሚችል አንዱን ብቻ አይቶ አይተው።

ሪፖርቱ ላይ «ቻርጅ ኦፍ» የሚል ቃል ሊያይ ይችላል። ይህ ይቅርታ አይደለም። አበዳሪው ለራሱ ሒሳብ ኪሳራ ብሎ መዘገበው ማለት ነው፤ ዕዳው አለ። ሌላው ወሬ «ጊዜ ያለፈበት ዕዳ» ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በጽሑፍ ውል ላይ ለመክሰስ ያለው ጊዜ 5 ዓመት ነው። ካለፈ ፍርድ ቤት ላያስከፍለው ይችላል። ክሊራንስ የሚመረምሩት ዳኞች ግን ደጋግመው አንድ ነገር ብለዋል፤ ጊዜው እስኪያልፍ መጠበቅ በቅን ልቦና ዕዳን ለመክፈል መጣር አይባልም። ሕጋዊ መብቱ ነው፣ ግን እዚህ አይጠቅመውም።

ባንክራፕሲስ? ሕጋዊ መንገድ ነው። ገብተውበት ክሊራንስ ያገኙ ብዙ ናቸው። ነውር አድርጌ አላየውም። ግን ለወንድምሽ አልመክረውም። ምዕራፍ 7 የሚባለው ክሬዲት ሪፖርት ላይ 10 ዓመት ይቆያል። የክሊራንሱ ማመልከቻ ፎርምም በ7 ዓመት ውስጥ ባንክራፕሲ ገብተህ እንደሆነ ለብቻው ይጠይቃል፤ ስለዚህ የሚያጠፋው ዱካ የለም። ዕዳው 14 ሺህ እና የመኪናው ቀሪ ከሆነ፣ ሥራም እየሠራ ከሆነ፣ ቀስ እያለ ሊከፍለው ይችላል። ሊከፍል እየቻለ ልክ ከማመልከቻው በፊት ዕዳ ያሰረዘ ሰው ደግሞ ጥያቄ ያስነሳል። 60 ሺህ ቢሆንና ገቢው ባይችል ኖሮ ሌላ ነገር እል ነበር።

አሁን አንቺ ያልጠየቅሽኝ፣ እኔ ግን በጣም የምፈራው፦ ግብር። በኮሮና ጊዜ ሥራ ፈቶ ምን ሠራ? በአፕ ታክሲ ነድቶ፣ ምግብ አድርሶ ከሆነ ያ በራስ ሥራ የተገኘ ገቢ ነው። ግብር የሚቆርጥለት ቀጣሪ የለም። ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 ከመቶ የሚሆን የራስ ሥራ ግብር አለበት። ብዙ ልጆች ይህን ሲሰሙ ደንግጠው ጭራሽ ሪፖርት ሳያደርጉ ያልፋሉ። ይህ ከክሬዲት ካርድ ዕዳ ይብሳል። ካርድ አለመክፈል የገንዘብ እጥረት ሊሆን ይችላል። ግብር አለማሳወቅ ግን የመንግሥትን ሕግ አለማክበር ነው። ዳኞቹም የመንግሥትን ሕግ የማያከብር የመንግሥትን ምስጢር እንዴት ይጠብቃል ይላሉ። መክፈል ባይችል እንኳ ማሳወቅ ይችላል። የጎደለ ዓመት ካለ ፎርሙን ከመፈረሙ በፊት አሳውቆ በየወሩ የሚከፈል ስምምነት ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ይፈራረም። ከሁሉም በፊት።

ወደ ሦስተኛው ጓደኛ። ፎርሙ ኤስኤፍ-86 ይባላል። ሲታተም ከ130 ገጽ በላይ ነው። አሁን የሚሞላው በኮምፒውተር ነው። የገንዘቡ ክፍል 26ኛው ነው። ያለፉትን 7 ዓመታት ይጠይቃል፤ ከ120 ቀን በላይ የዘገየ ክፍያ፣ ለሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ፣ የተወሰደ ንብረት፣ ከቤት መባረር፣ ያልተከፈለ ግብር። ቁማር ላይ ሲደርስ ደግሞ 7 ዓመት አይልም፤ «መቼም ቢሆን» ይላል። ልብ በይ፣ የሚጠይቀው የሆነውን ነው። ሪፖርቱ ላይ የቀረውን አይደለም። ከሪፖርቱ ቢጠፋም ከሆነ ሆኗል። እያወቁ መደበቅ በፌደራል ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራት አለው። እስራቱ ቀርቶ፣ የ3 ሺህ ዶላር ካርድ ደብቆ የተገኘ ሰው ክርክሩ የገንዘብ መሆኑ ያበቃል። መመዘኛ ኢ የሚባለው፣ የሰውየውን እውነተኛነት የሚመዝነው ይከፈታል። ዕዳ በጊዜና በክፍያ ይለዝባል። ውሸትን ማለዘብ ግን ከዚያ እጅግ ይከብዳል። የኛ ሰው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይል የለ።

ዋስትናም አለ። ፎርሙ ራሱ የተበደረውን ብቻ አይጠይቅም፤ ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ የፈረመበትንም ይጠይቃል። ወንድምሽ እዚያ ለጓደኛው መኪና አብሮ ፈርሞ ከሆነ፣ ወይም ከመሄዱ በፊት እዚህ ለአንድ ዘመድ የባንክ ብድር ዋስ ሆኖ ዕዳው ከተበላሸ፣ ይታሰብበት። ከዚህ ያለውን እናንተ ናችሁ የምታስታውሱት። ጠይቁት።

አሁን ወደ ድሬ እንምጣ። ክፍል 20 ከሌላ አገር ጋር ያለውን ግንኙነት ይጠይቃል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ለውጭ ዜጋ ገንዘብ ረድተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። አሜሪካዊ ከሆነ በኋላ እናቱም አንቺም በፎርሙ ቋንቋ «የውጭ ዜጋ» ናችሁ። ይከብዳል፣ ግን እንደዚያ ነው። እናትን መርዳት ወንጀል አይደለም። መርማሪዎቹም ስደተኛ ለቤተሰቡ እንደሚልክ ያውቃሉ። የሚጠየቀው ስንት፣ በየስንት ጊዜ፣ ለማን፣ በምን መንገድ ነው።

«በምን መንገድ» ላይ ቆም በይ። በሕጋዊ ላኪ የተላከው ደረሰኝ አለው። በሰው እጅ፣ በሐዋላ ሰው፣ መጋላ ገበያ ባለ ሱቅ በኩል የመጣው የለውም። አንዳንድ ቤተሰብ በምንዛሪው ልዩነት ሳስቶ በዚያ ይጠቀም ነበር፤ አልፈርድም። ግን አሁን ያቁሙ። ፈቃድ የሌለው ገንዘብ አስተላላፊ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ይሠራል፤ የላከው ሰው ደግሞ የት እንዳደረሰው በማያሳየው ብር ላይ ቆሞ ይቀራል። ከተጠየቀ ያለፈውን እንዳለ ይናገር፤ ከዛሬ በኋላ ግን በደረሰኝ ብቻ።

የሳቢያኑ ቤት ደግሞ ከዕዳው በላይ ሊያጣብቀው ይችላል። ፎርሙ «በስምህ ያለ» ብቻ አይልም። ሌላ ሰው በአንተ ምትክ የያዘልህንም ይጠይቃል። በውጭ አገር ቤትና መሬት ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበም ይናገራል። ቤቱ በእርግጥ ላንቺ የሰጠሽ ስጦታ ከሆነ ስጦታ ነው፤ እንደዚያ ይጻፍ። «ሲመጣ ይገባበታል» የተባለ ከሆነ ግን የሱ ነው፤ እሱም እንደዚያ ይጻፍ። ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ እውነቱን ተስማሙ። አሁን ሮጦ ስም ማዞር፣ አዲስ ውል መጻፍ፣ ቀን ወደ ኋላ ማስፈር፣ እባካችሁ አታድርጉት። ተገልጦ የተጻፈ አንድ ቤት ብዙ ጊዜ ችግር አይሆንም። ተደብቆ የተገኘ ቤት ግን ያ ቅድም ያልኩሽ «ከየት አመጣው?» ጥያቄ ነው። 14 ሺህ ዶላር ዕዳ እያለበት ድሬ ላይ ቤት ሠራ? መልሱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ከዕዳው በፊት ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። መልሱ የሚያምረው ግን ራሱ ቀድሞ ሲናገረው ነው።

የሚከብደውን ልናገር። በየወሩ ስንት ይልካል? አሁን ዕዳ እየከፈለ ካልሆነ፣ መርማሪው የወር ገቢና ወጪ ዝርዝር ሲጠይቀው፣ «ለባንኩ ዜሮ፣ ለድሬ 500» የሚል ወረቀት ነው የሚያቀርበው። ይህ ወረቀት ይጥለዋል። እናቱን ስለረዳ አይደለም። ሊከፍል እየቻለ አልከፈለም ስለሚያስብል ነው። የእናታችሁ መድኃኒት ይቀጥል፤ መጠኑ ተቆርጦ ይታወቅ። የበዓሉ በግ፣ የሠርጉ መዋጮ፣ የአክስት ልጅ ባጃጅ ግን ለአንድ ዓመት ይቅር። እሱ አፍሮ አይነግራችሁም። አንቺ ደውለሽ «አቦ፣ ዘንድሮ እንችላለን» በይው። ከድሬ የምታደርጉለት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። የእናታችሁ የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒትና የአልጋ ክፍያ ደረሰኞች፣ ገንዘቡ የገባበት የባንክ ማስረጃ። ፎቶ አንስታችሁ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ላኩ። በአማርኛ የሆነውን እዚያ ሕጋዊ ተርጓሚ ያስተርጉመው። የጠፋ ደረሰኝ ካለ ይጥፋ። ከሐኪም ቤት «እንደዚህ ብላችሁ ጻፉልኝ» የሚባል ደብዳቤ አታምጡ። አንድ የተጋነነ ወረቀት አሥሩን እውነተኛ ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ማረጋገጫ የለም። በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሊራንስ የማንም መብት እንዳልሆነ ወስኗል፤ ጥርጣሬ ከቀረ የሚወሰነው ለአገር ደኅንነት ነው። ጊዜያዊ ክሊራንስ ዕዳ ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ ዋናው እስኪመጣ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። አሁን ያለውን ሥራ ቀድሞ አይልቀቅ። ጥርጣሬ ካለ የምክንያቶች ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የኮንትራክተር ሠራተኛ ለመመለስ ያለው 20 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዷን ዕዳ በቁጥር፣ አምኖ ወይም ክዶ፣ ከነማስረጃው ይመልሳል። ዳኛ ፊት ቀርቦ መናገርም መጠየቅ ይችላል። ደብዳቤው ከመጣ የዚህን ዓይነት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ይያዝ። እንደ ማንኛውም ጉዳይ የሚያየው ጠበቃ አይበቃም። ቢከለከል ከዓመት በኋላ እንደገና መጠየቅ ይቻላል። ቢፈቀድለትም ክትትሉ አያቆምም፤ አሁን የክሬዲት መዝገቡ ያለማቋረጥ ነው የሚታየው። ድሮ በ10 ዓመት አንዴ የነበረው ቀርቷል።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። በዚህ ሳምንት ሦስቱን ሪፖርት ያውጣና የጎደለ የግብር ዓመት እንዳለ ያጣራ። ካለ ግብሩን አስቀድሞ ያሳውቅ። ከዚያ ለካርዱና ለመኪናው ዕዳ ባለቤቶች ይደውል። በወር የሚችለውን ያህል፣ 100ም ቢሆን፣ በጽሑፍ ይስማማና በየወሩ ሳያዛንፍ ይክፈል። 400 ቃል ገብቶ ሁለት ወር ከፍሎ ከማቆም 100 ለአሥር ወር ይሻላል። «ዕዳህን በግማሽ እናስጨርስልሃለን፣ ለባንኩ አትክፈል፣ ለእኛ ክፈል» ከሚሉ ድርጅቶች ይራቅ፤ ለትርፍ ያልቆመ የዕዳ አማካሪ አለ፣ እሱ ጋ ይሂድ። ፎርሙ ላይ ሁሉንም ይጻፍ፤ ከጎኑ በሁለትና በሦስት መስመር ምክንያቱንና አሁን ያለበትን። ከተላከ በኋላ የጻፈውን ቅጂ ያስቀምጥ፤ መርማሪው ፊት ሲቀመጥ ያንኑ ነው የሚናገረው።

የረሳሁት ነገር፦ ክሊራንስ አመልካች የሚከፍለው ነገር የለም። ሰው በራሱ ማመልከትም አይችልም፤ ቀጣሪው ነው የሚያስጀምርለት። ድሬ ድረስ ደውሎ «የወንድማችሁን ፋይል አሳልፋለሁ፣ ይህን ያህል ላኩ» የሚል ካለ ስልኩን ዝጊበት።